«የምትወደውን ሥራ ፈልግ» ሲባል በተግባር ምን ይደረጋል? ትምህርትስ ለምን ነው?

ሰሌዳ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ጥያቄ በየጊዜው ይነሣል፤ መልሱም ሁሌ «ልብህ የሚልህን ስማ» ነው። ልብ ምን እንደሚል እንዴት እንደሚታወቅ ግን ማንም አይጽፍም። ስለዚህ ይህን ክር በአሠራር ብቻ እንሙላው። ጥያቄዎቼ ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ትምህርት የሥራ መግቢያ ወረቀት ከመሆን ያለፈ ምን ዓላማ አለው? ሁለተኛ፣ በሁሉም ትምህርት ውጤቱ ደህና የሆነ፣ ግን አንዱንም «ይኼ የኔ ነው» የማይል ተማሪ ከየት ይጀምር? ሦስተኛ፣ አንድን ሙያ አራት አምስት ዓመት ከመማር በፊት መቅመስ ይቻላል ወይ? «እኔ እንዲህ ሆኜ እንዲህ ሆንኩ» የሚለው ይቅርብን፤ ለሌላ ሰው የሚሠራውን ጻፉ።

————

የቀለም_ቀንድ

ከመጀመሪያው ልነሣ። የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ሁለት መልስ አላቸው። ጋሪ ቤከርና ቴዎዶር ሹልትዝ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ትምህርትን እንደ መዋዕለ ንዋይ አዩት፤ ተማሪው ጊዜና ገንዘብ አፍስሶ ችሎታ ያካብታል፣ ችሎታው ኋላ በገቢ ይመለስለታል። ማይክል ስፔንስ ደግሞ በ1973 ትምህርቱ አንዲት ችሎታ ባይጨምር እንኳ ዲግሪው ዋጋ ሊኖረው እንደሚችል አሳየ። ቀጣሪ የአመልካቹን ችሎታ ገብቶ ማየት አይችልም፤ ዲግሪው ምልክት ይሆነዋል። ምልክቱ የሚታመነውም ለብርቱው ማግኘቱ ቀላል፣ ለደካማው ከባድ እስከሆነ ድረስ ነው። ሁሉም ሲይዘው ይደበዝዛል፣ ቀጣሪውም ሌላ ምልክት ይፈልጋል። «ዲግሪ ዋጋ አጣ» የሚባለው ሮሮ ግማሹ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ይህ ለተማሪው ምን ይረባዋል? የሚያስበውን ሙያ የታጠረ ወይም ክፍት ብሎ ይመድበው። ሕክምና፣ ነርስነት፣ ጥብቅና የመሳሰሉት በፈቃድ የታጠሩ ናቸው፤ ያለ ዲግሪው በሩ አይከፈትም፣ የግል ጥረት ብቻውን አጥሩን አያዘልልም። የሶፍትዌር ሥራ፣ ትርጉም፣ ንድፍ፣ ሽያጭ በአብዛኛው ክፍት ናቸው፤ እዚያ የሚያስቀጥረው ተሠርቶ የሚታይ ነገር ነው። በታጠረው ሙያ የሚያመነታ ሰው ሙያውን ቶሎ መፈተሽ አለበት፤ ዘግይቶ መግባትም ዘግይቶ መውጣትም እዚያ ውድ ነው። በክፍቱ የሚያመነታ ግን ሌላ እየተማረ በጎን ሊሞክረው ይችላል። ብዙው ሰው ነገሩን ገልብጦ ይይዘዋል፤ ለክፍቱ ሙያ ዓመታት ይጨነቃል፣ ወደታጠረው ግን ውጤቱ ስለፈቀደለት ብቻ ዘው ይላል።

ከሥራ ባሻገር ላለው፣ ኸርት ቢስታ የተባለው የትምህርት ፈላስፋ ያስቀመጠው ክፍፍል ለእኔ ከሁሉም ይሻላል። ትምህርት ሦስት ነገር ይሠራል፦ ለሥራ የሚያበቃ ዕውቀት ያስጨብጣል፤ ከእኛ በፊት ከነበረው ልማድና ሥርዓት ጋር ያገናኛል፤ ሰውየውን በራሱ የሚያስብ፣ ለአሳቡም ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ያደርገዋል። ሦስተኛው በፈተና ለመለካት አይመችም፤ ስለዚህ ጊዜ ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው። የሚወዱትን የመለየት ችሎታም የሚገኘው እዚያው ነው። ፈተና በፈተና ላይ ሲያልፍ የኖረ ተማሪ «ምን ትወዳለህ?» ሲባል ዝም ቢል ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ እስከዚያ ቀን ማንም ጠይቆት ስለማያውቅ ነው።

————

እንዝርት

በር የሚዘጋው ዲግሪ ብቻ አይደለም፤ ቀደም ብሎ የተተወ ትምህርትም ይዘጋል። ሒሳብ ሰንሰለት ነው፦ አልጀብራ የጎደለው ካልኩለስ አይገባውም፣ ካልኩለስ የጎደለው በፊዚክስ፣ በምህንድስናና በምጣኔ ሀብት ይቸገራል። ታሪክን ግን በ40 ዓመትም ከፈለጉት ምዕራፍ መጀመር ይቻላል። የሚወደውን ገና ያላወቀ ሰው ሌላውን ቢተው እንኳ ሒሳብና በግልጽ መጻፍን አይተው።

ሌላው፣ «አልወደውም» እና «አልገባኝም» ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም የሚያዛጉ ናቸው። የሚለዩበት መንገድ ግን አለ። የሚጠላውን ምዕራፍ ይክፈትና ምዕራፉ «ይህን ታውቃለህ» ብሎ የሚነሣበትን ይዘርዝር። ሁለት የክፍል ደረጃ ዝቅ ካለ መጽሐፍ በዚያ ርዕስ 10 ጥያቄ መርጦ በ30 ደቂቃ ይሥራ። 8 ካልሞላ ችግሩ ጥላቻ ሳይሆን ክፍተት ነው። በቀን 30 ደቂቃ ለሦስት ሳምንት ክፍተቱን ይሙላና ያን ጊዜ ይፍረድ። 9 እና 10 እያገኘ አሁንም ሰዓት የሚቆጥር ከሆነ መሰልቸቱን ይመነው። (ሰዓቱም ቁጥሩም ሕግ አይደለም፤ ግን አስቀድሞ ካልተወሰነ ሰው ውጤቱን ወደሚፈልገው ይጎትተዋል።)

————

ጠርጣራው

ይህን ሁሉ ከመድከም መስመር ላይ ያለውን የዝንባሌ መጠይቅ ሞልቶ መገላገል አይቻልም? ወይስ ሁሉም ጥንቆላ ነው?

————

ሚዛን

ጠርጣራው፣ ሁሉም ጥንቆላ አይደለም፤ የሚመስለው ግን ብዙ ነው። የሥነ ልቦና መምህሩ በርትራም ፎረር እ.ኤ.አ. በ1948 ለ39 ተማሪዎቹ የባሕርይ መጠይቅ አስሞልቶ «ውጤትህ» ብሎ ለእያንዳንዱ ሰጠ። ተማሪዎቹ መግለጫው ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ሲመዝኑ ከ5 በአማካይ ከ4 በላይ ሰጡት። ወረቀቱ ግን ለሁሉም ቃል በቃል አንድ ነበር። «ይኼማ እኔን ነው!» ማለት ማስረጃ እንደማይሆን ከዚህ ይታያል።

የሚረባው ባሕርይ ሳይሆን ዝንባሌ የሚጠይቀው ነው። ጆን ሆላንድ በ1959 ባቀረበው አሳብ ላይ የተመሠረቱት ሥራንና ሰውን በስድስት ይከፍላሉ፦ በእጅና በመሣሪያ የሚሠራ፣ የሚመረምር፣ የሚፈጥር፣ ሰው የሚረዳ፣ የሚያግባባና የሚመራ፣ መዝገብና ሥርዓት የሚያስይዝ። ኦኔት የተባለው የአሜሪካ መንግሥት የሙያ መረጃ ቋት 60 ጥያቄ ያለው ነጻ መጠይቅ አለው። ሲሞላ ሁለት ስሕተት ይበዛል። አንዱ «ደስ ይለኛል?» ለሚለው «እችላለሁ?» ወይም «ይከፍላል?» ብሎ መመለስ ነው። ሁለተኛው ከስድስቱ አንደኛ የወጣውን ብቻ ማየት ነው፤ መታየት ያለበት ከላይ ያሉት ሦስቱና በከፍተኛውና በዝቅተኛው መካከል ያለው ርቀት ነው። ስድስቱም ተቀራራቢ ከሆኑ መጠይቁ ገና የነገረህ ነገር የለም፤ ለመልስ የሚበቃ ነገር አልቀመስክም ማለት ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ነው ከመጠይቁ በፊት የሁለት ሳምንት መዝገብ የሚሻለው። አሠራሩ ይኸው፦

አንድ ደብተር፣ 14 ቀን። በቀን ከአምስት እስከ ስምንት የሚሆኑ ሥራዎች ይመዘገባሉ፤ ትምህርት፣ የቤት ሥራ፣ ጓደኛን መርዳት፣ የተበላሸ መጠገን፣ ማንኛውም። ሥራው በግሥ ይጻፍ። «ባዮሎጂ» አይባልም፤ «ሥዕላዊ መግለጫ ገለበጥኩ»፣ «ለሦስት ልጆች አስረዳሁ»፣ «ስሕተቱን ፈልጌ አገኘሁ» ይባላል። በአጠገቡ አራት ነገር፦ ስንት ደቂቃ፤ ከሥራው በኋላ የነበረው ጉልበት ከ-2 እስከ +2፤ ብቻ ነበር ወይስ ከሰው ጋር፤ ሲቋረጥ መመለስ አሰኘ ወይስ እፎይ አሰኘ። የመጨረሻው ከሁሉም በላይ ይናገራል።

መዝገቡ የሚበላሸው እንዲህ ነው። ሳምንቱ መጨረሻ ላይ ተሰብስቦ ሲጻፍ ይበላሻል፤ ትዝታ የሚይዘው ጫፍ ጫፉንና ፍጻሜውን ነው፣ መሐሉን ይጥላል። እንቅልፍ ያጡበት ቀን ሁሉንም -2 ያደርጋል፤ ስለዚህ የተተኛበት ሰዓት ከላይ ይጻፍ። ጥሩ መምህር ትምህርቱን፣ ምስጋና ደግሞ ሥራውን ያስወድዳል፤ ማንም ሳያይ የተሠራውን በኮከብ ምልክት ለይ።

በ15ኛው ቀን ገጾቹ በትምህርት ዓይነት ሳይሆን በግሥ ይደረደራሉ። +1 እና +2 ያገኙት ግሦች ጥቂት ሊሆኑ፣ ደግሞም ከተለያየ ትምህርት ሊመጡ ይችላሉ። ለምሳሌ «ማስረዳት»፣ «ስሕተት ማግኘት» እና «ማስተካከል» ከላይ ከወጡ፣ ያ ሰው አርታኢ፣ የሶፍትዌር ፈታሽ፣ የሒሳብ መርማሪ ወይም አሠልጣኝ ቢሆን ግሦቹ ያው ናቸው። ሙያ የሚመረጠው ከዚህ በኋላ ነው።

————

ሰሌዳ

ሚዛን፣ እጅህ ይባረክ። «በግሥ ጻፍ» የሚለው ብቻውን ግማሽ ጥያቄዬን መለሰልኝ። ግን ግሡ ተገኘ እንበል፤ የሙያው ውስጡ እንዴት ይታወቃል? ከውጭ ሁሉም ያምራል።

————

ብራና

ሠራተኛ በመጠየቅ ነው። አጠያየቁ ግን ወሳኝ ነው። «ሥራህን ትወደዋለህ?» ማለት ከንቱ ነው፤ አዎ ይልሃል፣ በማግሥቱ ደግሞ አይደለም ይልሃል። ያለፈውን የሥራ ቀን ጠይቅ፦ «ትናንት ከገባህበት ሰዓት ጀምሮ በየሰዓቱ ምን ሠራህ?» ከዚያ ቀጥል። ከሳምንቱ ስንት ሰዓት ስብሰባ፣ ስንት ሰዓት ወረቀት፣ ስንት ሰዓት ዋናው ሥራ ነው? አዲስ ገቢ የመጀመሪያ ስድስት ወሩን በምን ያሳልፋል? በዚህ ሙያ በብዛት የሚሠራው ስሕተት ምንድን ነው፣ ሲሠራስ ማን ይጎዳል? ሰዎች የሚለቁት በምን ምክንያት ነው? አምስት ጥያቄ፣ 20 ደቂቃ፤ ከዚያ አታስረዝመው።

ስንት ሰው? በአንድ ሙያ ከአምስት አያንስ፦ ሁለት ከሁለት ዓመት በታች የሠሩ፣ ሁለት አሥር ዓመት ያለፋቸው፣ አንድ ደግሞ የተወው። የተወው መቅረት የለበትም። ያሉትን ብቻ የጠየቀ ከወንዙ የተሻገሩትን ብቻ ነው ያናገረው። የተወውን ብቻ የሰማ ደግሞ ቁስሉን ይወርሳል።

ሌላው ጥፋት በዚያው ውይይት ሥራ መለመን ነው። ወዲያው ሰውየው እውነቱን ትቶ ጨዋነቱን ይጀምራል። ለብቻው ቀን ያዝለት።

የሰማኸውን ከመዝገብህ ጋር አስተያይ። ጠበቃ ለመሆን የሚያስብ ሰው ግሡ «መከራከር» ከሆነና የጠየቃቸው ሁሉ አብዛኛው ጊዜያቸው ማንበብና ማርቀቅ እንደሆነ ከነገሩት፣ የወደደው ሙያውን ሳይሆን ችሎት ላይ የሚታየውን ትንሽ ክፍል ነው። ነርስነትም እንደዚሁ፤ መዝገብ መሙላቱን፣ የሌሊት ተረኛነቱን፣ መቆሙን ያልቆጠረ ሰው ግማሹን አላየም።

————

ጉልላት

ብራና የሰበሰበውን ወደ ቁጥር ለመቀየር፣ ሥራው ራሱ ሠራተኛውን ምን ያህል እንደሚያነሣሣ የሚለካ የሃክማንና የኦልድሃም ቀመር አለ፤ በ1970ዎቹ የወጣ ነው። አምስት ነገር ከ1 እስከ 7 ይመዘናል፦ የሥራው ልዩ ልዩነት፣ ከጅምር እስከ ፍጻሜ በአንድ እጅ መሠራቱ፣ ለሌላ ሰው ያለው ፋይዳ፣ በራስ መወሰን መቻል፣ ውጤቱን ቶሎ ማወቅ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ተደምረው ለ3 ይካፈላሉ፤ ያ በራስ መወሰን፣ ከዚያም በውጤት ማወቅ ይባዛል። ከፍተኛው 343 ነው።

ማባዛቱ ምን እንደሚያመጣ ተመልከቱ። አንድ የተከበረ ሥራ 6፣ 5 እና 7 አግኝቶ አማካዩ 6 ሆነ እንበል፤ ግን በራስ መወሰን 2፣ ውጤት ማወቅ 3 ብቻ ነው። 6 × 2 × 3 = 36። ሌላው ማንም የማያወራለት ሥራ 4፣ 5 እና 3፣ አማካዩ 4፤ በራስ መወሰን 5፣ ውጤት ማወቅ 5። 4 × 5 × 5 = 100። ስሙ የተከበረው ሥራ ሰውን የሚያሰለችበት አንድ ምክንያት ይኸው ነው፤ ፋይዳው ከፍ ብሎ አዛዡ ሌላ፣ ውጤቱም ከዓመት በኋላ የሚታይ ሲሆን።

————

የቀለም_ቀንድ

ጉልላት፣ ቀመሩ ትክክል ነው፤ ግን በኋላ የተሠሩ ጥናቶች አምስቱን ዝም ብሎ መደመር ከማባዛቱ እንደማያንስ አሳይተዋል። ቁጥሩን እንደ ሚዛን ሳይሆን የትኛው አምድ ሥራውን እንደሚጥለው ለማየት ብትጠቀሙበት ይሻላል።

————

ጉልላት

ተቀብያለሁ። በምሳሌዬ በድምርም 23 ለ22 ነው፤ የተከበረው በአንድ ይበልጣል እንጂ የራቀ አይደለም። ለማንኛውም ለውሳኔ የሚጠቅመው «በራስ መወሰን» ያገኘው ያ 2 ነው።

————

ሚዛን

የሰሌዳ ሦስተኛ ጥያቄ እንዳይረሳ። መቅመስ ይቻላል፤ ከ10 እስከ 20 ሰዓት ይበቃል፣ ሦስት ነገር ከተሟላ፦ አንድ ያለቀ ነገር መውጣት አለበት፤ ከሞካሪው ሌላ አንድ ሰው ሊጠቀምበት ወይም ሊያርመው ይገባል፤ አሰልቺው ክፍል መግባት አለበት። ሦስተኛው ሲዘለል ሙከራው መዝናኛ ይሆናል።

ትርጉም ለሚያስብ፦ ሦስት ገጽ፣ አንዱ ልብ ወለድ፣ አንዱ ውል፣ አንዱ የዕቃ አጠቃቀም መመሪያ። ለሚያርም ሰው ሰጥቶ፣ ከእርማቱ በኋላ ሦስቱንም እንደገና መጻፍ። እንደገና ሲጻፍ ያለው ስሜት ነው የሚቆጠረው።

ማስተማር ለሚያስብ፦ የ20 ደቂቃ ትምህርት አዘጋጅቶ ለሦስት የተለያዩ ሰዎች ማስተማር፣ ከሳምንት በኋላ አምስት ጥያቄ ጠይቆ ምን እንደቀረ ማየት። በሦስተኛው ጊዜ ያው ነገር አሰልቺ ከሆነበት ወይም የተማሪው መርሳት ካናደደው መረጃ ነው። «ለምን ረሳው?» ብሎ ትምህርቱን ለመቀየር ከተነሣ ደግሞ ትልቅ መረጃ ነው።

ፕሮግራም መጻፍ ለሚያስብ፦ አንድ ሰው ለሳምንት የሚገለገልበት ትንሽ ነገር ሠርቶ፣ ያ ሰው ያገኘውን ስሕተት ሁሉ ማረም። አዲሱን ከመጻፍ ይልቅ ያለውን ማረም ብዙ ሰዓት ይበላል፤ ያንን ሳይቀምሱ ሙያውን ቀመስኩ ማለት አይቻልም።

የሒሳብ አያያዝ ለሚያስብ፦ የአንድ ትንሽ ማኅበር የሦስት ወር ደረሰኝ ከባንክ መዝገቡ ጋር ማስታረቅ። ሁለቱ ድምሮች በትንሽ ገንዘብ ሳይገናኙ ሲቀሩ ማሳደዱ የሚያስደስተው ሰው ቦታውን አግኝቷል። የሌላው ሰው ፊት ግን ያኔ ያስታውቃል።

ከመጀመሩ በፊት ደግሞ በወረቀት ይጻፍ፦ ምን ካየሁ እቀጥላለሁ፣ ምን ካየሁ አቆማለሁ። ሳይጻፍ ከተጀመረ የደከመበትን ላለመጣል ሲል ብቻ ይቀጥላል። በሌላ በኩል የመጀመሪያዎቹ አራት አምስት ሰዓቶች ለፍርድ አይበቁም፤ እጅ ሳይፈታ ሁሉም አስጠሊ ነው።

————

ጠርጣራው

ይሁን። ግን መሠረቱን ልጠይቅ፤ ሥራ መወደድ አለበት ያለው ማን ነው? ኤሚ ሬዝነስኪና ባልደረቦቿ በ1997 ባወጡት ጥናት ሠራተኞች ሥራቸውን በሦስት መልክ ያዩታል፦ እንደ እንጀራ፣ እንደ ዕድገት መሰላል፣ እንደ ጥሪ። ጠያቂዎቹ ሦስቱንም ከሞላ ጎደል በእኩል ቁጥር ነው ያገኟቸው፤ ያውም አንድ ዓይነት የቢሮ ሥራ በሚሠሩ ሰዎች መካከል ጭምር። ሥራውን እንደ እንጀራ አይቶ ፍቅሩን ለሌላ ነገር ያቆየ ሰው ምን ጎደለው? እንዲያውም «ስለምትወደው» እየተባለ ያለ ክፍያ የሚያመሽ ሰው ብዙ ነው። ፍቅር ደመወዝ መደራደሪያ ላይ ጠላት ነው።

————

እንዝርት

ጠርጣራው፣ ሁለተኛው ነጥብህ ላይ እስማማለሁ፤ ክፍያ ሲነሣ ፍቅርህን አትጥራ፣ የሠራኸውን ቁጠር። የመጀመሪያውን ግን የተጠቀምክበት ጥናት ራሱ ይገለብጠዋል። አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሰዎች በሦስት መልክ ካዩት፣ መውደድ ያለው በሙያው ስም ውስጥ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ሬዝነስኪ ከጄን ደተን ጋር በ2001 ያወጣችው ደግሞ ሠራተኞች ሥራቸውን ከውስጥ እንዴት እንደሚያርሙት ነው፤ ከምሳሌዎቹ አንዱ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኞች ናቸው። ገሚሶቹ ሥራቸውን እንደ ማጽዳት ብቻ ሲያዩ፣ ሌሎቹ የበሽተኛው መዳን አካል አድርገው ስላዩት የሚሠሩትንም የሚያናግሩትንም ሰው ቀየሩ።

አሁን ሥራ ላይ ላለ፣ ለመልቀቅም ለማይችል ሰው ይህ ከሁሉም ይቀርባል። የሳምንቱን ተግባራት በሰዓት ይጻፍ። ከእያንዳንዱ አጠገብ የሚዛንን -2 እስከ +2 ያድርግ። ከዚያ ሁሉንም ለመቀየር አይነሣ፤ ከ40 ሰዓት አራቱን ብቻ ያንቀሳቅስ። ማንም የማይፈልገውን ግን እሱ +2 የሰጠውን ሥራ ከባልደረባው ወስዶ በልዋጩ አንድ -2 ይስጠው። አለቃን ከማስፈቀድ በፊት ከባልደረባ ጋር መስማማት ይቀላል። የሚበላሸው +2 ውን ጨምሮ -2 ውን ሳያስረክብ ሲቀር ነው፤ ያኔ በሳምንት 44 ሰዓት ይሠራል።

————

ሰሌዳ

አንድ የቀረኝ፦ የሚዛንን መዝገብ የጀመረ ተማሪ ሦስት አራት ቀን ቢዘልስ? ከመጀመሪያው ይጀምር?

————

ሚዛን

አይ፣ ይቀጥል። የተዘለሉትን ቀናት ግን በትዝታ አይሙላ፤ ባዶ ይተዋቸው፣ በመጨረሻው ላይ ያንኑ ያህል ቀን ይጨምር። የፈተና ሳምንት ከሆነ ጭራሽ አይጀምር፤ ያን ሳምንት ሁሉም ግሥ «መሸምደድ» ነው።